ኦርኪድ ለጀማሪ የቋንቋ ተመራማሪ፦ ከደሴ የተጻፈ ግምገማ

ደሴ ውስጥ በቋንቋ ትምህርት ወይም በተግባራዊ ሥነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ወጣት ዲፌንሱን ካለፈ በኋላ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያለ ጥራዝና በራሱ ፍላሽ ውስጥ ያለ ፋይል። ከጥናቱ አንድ ጽሑፍ ወጥቶ በጆርናል ቢታተም እንኳ ጸሐፊውን ከጽሑፉ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። የእኛ ስም ደግሞ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ውስጥ በቀላሉ ይበተናል። ሽልማት የሚሰጥ ኮሚቴም ሆነ የስኮላርሺፕ ገምጋሚ፣ የጆርናል አርታዒም ጭምር፣ አመልካቹን ለማወቅ መጀመሪያ ስሙን ይፈልጋል። ሥራዎቹ በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተከፋፍለው ወይም ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ተቀላቅለው ከተገኙ የወጣቱ ልፋት ለማን እንደሚቆጠር አይታወቅም።

ኦርኪድ ይህን አንድ ችግር ለመፍታት የተሠራ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱ መለያ ቁጥርና ሥራዎቹ የሚዘረዘሩበት መዝገብ ይሰጣል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ነጻ ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ ገና አንድ ጽሑፍ ያላሳተመ የማስተርስ ተማሪም ከአሁኑ ሊይዘው ይገባል። ይሁንና ሲመዘገቡ የሚሠሩ ጥቂት ስህተቶች ጥቅሙን በሙሉ ያሳጡታል። ከእነሱም ከባዶቹ ከስማችንና ከዘመን አቆጣጠራችን የሚመጡ ስለሆኑ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እናያቸዋለን።

አገልግሎቱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን ወጪውን የሚሸፍኑት አባል የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አሳታሚዎችና ለምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት በሚከፍሉት መዋጮ ነው፤ ተመራማሪው ምንም አይከፍልም። የሚሰጠው መለያ ቁጥር 16 ቦታ አለው፤ በአራት በአራት ተከፍሎ በሰረዝ ይጻፋል። የመጨረሻው ከፊቱ ካሉት 15 አሃዞች በስሌት የሚወጣ ማረጋገጫ ነው፤ አንዳንዴ በቁጥር ፋንታ ኤክስ የሚለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ በኤክስ ቢያልቅ ተሳስቷል ብለው እንዳይሰርዙት። ማረጋገጫው በመኖሩ ከአሃዞቹ አንዱ ተሳስቶ ቢጻፍ ስህተቱ ይታወቃል። ቁጥሩን በሲቪም ሆነ በጥናታዊ ጽሑፍ የሽፋን ገጽ ላይ ሲያስገቡ ሙሉውን የድረ ገጽ አድራሻ መጻፍ ይሻላል፤ አንባቢው ሲጫነው በቀጥታ መዝገቡ ላይ ይደርሳልና።

አሁን ወደ ስሙ። ሰዒድ መሐመድ አሊ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። ወሎ ውስጥ ይህን ስም በሙሉም ሆነ በከፊል የሚጋራው ሰው ብዙ ነው። አንዱን ጽሑፉን ሰዒድ መሐመድ ብሎ በሁለት ስም ያሳትማል፤ የፈረንጅ አጠቃቀስ የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዝ ዋቢው «መሐመድ፣ ሰ.» ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛውን ጽሑፉን እስከ አያቱ በሦስት ስም ያሳትማል፤ ዋቢው «አሊ፣ ሰ. መ.» ይሆናል። ለመረጃ ቋቱ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አገር ውስጥ የሚታተም ጆርናል ደግሞ በራሱ ስም አስቀድሞ «ሰዒድ መሐመድ» ብሎ ሊጠቅሰው ይችላል፤ ሦስተኛ ሰው ተፈጠረ ማለት ነው። በዚህ ላይ የላቲን አጻጻፉ ይጨመራል። ሰዒድን አንዱ ኤስ-ኢ-አይ-ዲ፣ ሌላው ኤስ-ኢ-ዋይ-አይ-ዲ፣ ሌላው ኤስ-ኤ-አይ-ዲ ብሎ ይጽፈዋል። መሐመድ በአንድ ኤም ወይም በሁለት ኤም፣ በኦ ወይም በዩ ይጻፋል። ጠ፣ ቀ እና ፀ ያሉባቸው ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። ዲግሪው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይና ጽሑፉ ላይ ያሉት አጻጻፎች ሦስቱም ተለያይተው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኦርኪድ ለዚህ ሦስት ሳጥን አለው፤ ሦስቱንም መሙላት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የራስና የቤተሰብ ስም የሚገባበት ነው፤ የራስ ስም ግዴታ ነው። የቤተሰብ ስም የሚለው ባዶ ሊተው ይችላል፤ እኛ ግን አንመክርም፤ ጽሑፍ የሚቀበሉ የአሳታሚዎች ሲስተሞች ይህን ሳጥን ይፈልጋሉና። የአባት ስም እዚያ ይግባ። ሁለተኛው ሳጥን ስምዎ በመዝገቡ አናት ላይ እንዴት እንዲታይ እንደሚፈልጉ የሚወስኑበት ነው፤ እስከ አያት መጻፍ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሦስተኛው «በሌላ ስም የሚታወቁ ከሆነ» የሚለው ነው። እስካሁን ጽሑፍ ላይ፣ ዲግሪ ላይ ወይም የኮንፈረንስ ፕሮግራም ላይ የወጣ ማንኛውም የላቲን አጻጻፍ እዚህ ይዘርዘር። የግዕዝ ፊደሉም ይጨመር፤ ሲስተሙ ይቀበለዋል። በግዕዝም ቢሆን ሰዒድ፣ ሰኢድና ሰይድ፣ መሐመድ፣ ሙሐመድና መሃመድ እየተባለ ስለሚጻፍ የታተመበትን አጻጻፍ ሁሉ ማስገባት ይገባል።

ዋናውን የላቲን አጻጻፍ ለመምረጥ ጥሩው መንገድ ፓስፖርት ላይ ያለውን፣ ፓስፖርት ከሌለ ፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለውን መያዝ ነው። የኮንፈረንስ ግብዣ ደብዳቤ፣ ቪዛና የሽልማት ክፍያ የሚከተሉት እሱን ነው። አንዴ ከመረጡ ከዚያ በኋላ የሚያሳትሙት ሁሉ በዚያው ይውጣ፤ ስሙ ሁለት ይሁን ሦስት የሚለውም አብሮ ይወሰን።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ዓመተ ምህረት ነው። መዝገቡ የትምህርት መጀመሪያና መጨረሻ ዓመት ይጠይቃል፤ የሚቆጥረውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ዲግሪው ላይ ያየውን 2015 እንዳለ ቢያስገባ ትክክለኛው 2023 ስለሆነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጡ ሽልማቶችና ድጋፎች አብዛኛውን ጊዜ ከዶክትሬት በኋላ በሚቆጠር የዓመት ገደብ የታጠሩ ናቸው፤ ገምጋሚው መዝገቡን ከፍቶ 2015 ሲያይ አመልካቹ ጊዜው ያለፈበት ሰው ይመስለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚደመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተጀመረ ትምህርት 2022 ተብሎ ይገባል።

ምዝገባው ራሱ አጭር ነው፤ ስም፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ የታይነት ምርጫ፣ ከዚያ በኢሜይል የሚላከውን ማረጋገጫ መጫን። ማረጋገጫው ካልተጫነ መዝገቡን መሙላት አይቻልም፤ ካልደረሰ ስፓም ውስጥ ይፈለግ። ኢሜይል ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ብቻ ያስገባ ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀይር አድራሻው ይዘጋበታል፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳ መዝገቡን መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። ኦርኪድ ከአንድ በላይ ኢሜይል ስለሚቀበል የግልም የተቋምም ይግቡ። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በሌላ ሰው ኢሜይል ማስከፈትን ፈጽሞ አንመክርም፤ መዝገቡ ለዕድሜ ልክ የሚያዝ ነውና መክፈቻው በባለቤቱ እጅ ይሁን።

የታይነት ምርጫው ሦስት ነው፦ ለሁሉም ክፍት፣ ፈቃድ ለተሰጣቸው ተቋማት ብቻ ክፍት፣ ለባለቤቱ ብቻ የሚታይ። ጥንቃቄ ብለው ሦስተኛውን የሚመርጡ አሉ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ይኖራል፤ የተጫነው ሰው ግን የሚያየው ባዶ ገጽ ነው። ሥራና ትምህርት ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ኢሜይል ዝግ ቢሆን ምንም አይጎድልም።

ተቋም ሲያስገቡ ስሙን መጻፍ ሲጀምሩ ዝርዝር ይወርዳል፤ ከዚያ ውስጥ ወሎ ዩኒቨርሲቲን መምረጥ እንጂ በራስ አጻጻፍ መጨረስ አይገባም። ከዝርዝሩ የተመረጠ ስም ከተቋሙ መለያ ጋር ይያያዛል፤ በእጅ የተጻፈ ግን አይያያዝም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህርም ዩኒቨርሲቲውን መርጦ ኢንስቲትዩቱን በትምህርት ክፍል ሳጥን ውስጥ ቢጽፍ ይሻላል። በዚህ መንገድ የደሴውም የኮምቦልቻውም ሥራ በአንድ ተቋም ሥር ይሰበሰባል።

ሥራዎችን ለማስገባት ቀላሉ መንገድ ዲኦአይ፣ ማለትም ለአንድ ጽሑፍ ወይም ፋይል የሚሰጠው ቋሚ መለያ ቁጥር ነው። ጽሑፉ ዲኦአይ ካለው ቁጥሩን ገልብጦ መለጠፍ ብቻ ነው፤ ርዕስ፣ ጆርናልና ዓመት በራሳቸው ይሞላሉ። ዲኦአይ የሌለው ነገር ግን በእጅ ይሞላል፤ ጀማሪ የቋንቋ ተመራማሪ ያለው ሥራ ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናር ላይ የቀረበ ጽሑፍ፣ ትርጉም። የሥራ ዓይነት ዝርዝሩ ሰፊ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የኮንፈረንስ ፖስተር፣ ትርጉምና የመረጃ ስብስብ ለየብቻ ቦታ አላቸው። የመመረቂያ ጽሑፍን «የጆርናል ጽሑፍ» ብሎ ማስገባት ግን የባለቤቱን ታማኝነት ይጎዳል፤ የሚያውቅ ገምጋሚ ወዲያው ያየዋል።

በአማርኛ የተጻፈ ጥናት ያለው ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ርዕሱን በላቲን ፊደል ገልብጦ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። በዋናው የርዕስ ሳጥን ውስጥ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይግባ፤ «የተተረጎመ ርዕስ» በሚለው ውስጥ እንግሊዝኛው ይግባ፤ የሥራው ቋንቋ አማርኛ ተብሎ ይመረጥ። ስለ አርጎብኛ፣ ስለ ከሚሴ አካባቢ የኦሮምኛና አማርኛ መቀያየር ወይም ስለ አማርኛ አፍ መፍቻ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ሥራው በሁለቱም በኩል የሚፈለገው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ራሱን የሚያድስበት አሠራር ነው። ጽሑፍ ለጆርናል ሲላክ የኦርኪድ ቁጥር አብሮ ከተሰጠ፣ አሳታሚውም ቁጥሩን ዲኦአይ ወደሚመዘግበው ክሮስሬፍ ከላከ፣ ሥራው ሲታተም ወደ መዝገቡ ሊገባ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክት በኦርኪድ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይመጣል፤ ካልተፈቀደ ምንም አይገባም። ብዙዎች ያን ሳጥን አይከፍቱትም።

እዚህ ላይ ወጣቱን በጣም የሚጎዳው ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር ከማስተርስ ጥናት የሚወጣ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚላከው በአማካሪው አካውንት ነው። የጆርናሉ ሲስተም ብዙ ጊዜ የላኪውን የኦርኪድ ቁጥር ይጠይቃል፤ የሌሎቹን ጸሐፊዎች ቁጥር ግን ላይጠይቅ ይችላል። ጽሑፉ ሲታተም በአማካሪው መዝገብ ውስጥ ራሱ ይገባል፤ መረጃውን የሰበሰበውና ረቂቁን የጻፈው ተማሪ መዝገብ ባዶ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ለአማካሪው መስጠትና የጸሐፊዎች ዝርዝር ላይ እንዲገባ መጠየቅ። አማካሪዎችም ሳይጠየቁ ቢያደርጉት ለተማሪዎቻቸው ትልቅ ውለታ ነው። ሕትመቱ ካለፈም ተማሪው ዲኦአዩን ለጥፎ በራሱ ማስገባት ይችላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ማን እንዳስገባው ስለሚጻፍ ነው። ባለቤቱ ያስገባው ከአሳታሚው በቀጥታ ከመጣው ያነሰ ማስረጃ ነው።

ማን ምን ሠራ የሚለውም ቦታ አለው። ክሬዲት የሚባለው የአስተዋጽኦ ዝርዝር 14 ሚናዎች አሉት፤ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ዘዴ መንደፍ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መረጃ ማደራጀት፣ የመጀመሪያ ረቂቅ መጻፍ፣ ማማከርና ሌሎችም። ኦርኪድ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ እነዚህን መመዝገብ ይፈቅዳል። በተግባራዊ ሥነ ልሳን የክፍል ውስጥ ንግግር ቀድቶ ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ለአንድ ሰዓት ቅጂ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያ ድካም በስም ቅደም ተከተል ውስጥ አይታይም። መረጃ መሰብሰብና ማደራጀት የሚሉት ሁለት ሚናዎች እሱን የሚያሳዩ ናቸው። ሁሉም ጸሐፊዎች ሚናቸውን ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ተስማምተው ቢጽፉት በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናሉ።

ኦርኪድ የማይሠራውን ማወቅም ያስፈልጋል። ፋይል አያስቀምጥም፤ የሚይዘው የሥራውን መግለጫ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደተዘረፈና እንደወደመ ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ የጥናት መረጃ ምን አደጋ እንዳለበት መናገር አያስፈልግም። ለፋይሉ ዜኖዶ አለ። በአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን የሚተዳደር ማከማቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተከፈተ፣ ነጻ ነው፣ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ላስቀመጡት ሁሉ ዲኦአይ ይሰጣል። በኦርኪድ አካውንት መግባት ይቻላል። ያልታተመ የኮንፈረንስ ጽሑፍ እዚያ ተቀምጦ ዲኦአይ ሲያገኝ ወደ ኦርኪድ ማስገባቱ የደቂቃ ሥራ ነው። የተማሪዎች ድምፅና ስም ያለበት ቅጂ ግን ያለ ፈቃዳቸው ለሕዝብ አይከፈትም፤ ዜኖዶ ፋይሉን ዘግቶ መግለጫውን ብቻ የማሳየት ምርጫ አለው። መጠይቅ፣ ፈተና ወይም የምልከታ ቅጽ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውን አይሪስን ይመልከት፤ የሁለተኛ ቋንቋ ምርምር መሣሪያዎች የሚሰበሰቡበት ማከማቻ ነው። ሌላ ተመራማሪ መጠይቁን ወስዶ ሲጠቀም አዘጋጁን ይጠቅሳል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ዕውቅና ነው።

ኦርኪድ ስንት ሰው እንደጠቀሰዎትም አይቆጥርም። ለእሱ ጉግል ስኮላር ፕሮፋይል ያስፈልጋል። ስኮላር ጽሑፎችን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ስሙ የሚመሳሰል ሰው ሥራ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ሲከፍቱት አዲስ ጽሑፍ ሲገኝ ሳይጠይቅ እንዲጨምር ሳይሆን አስቀድሞ በኢሜይል እንዲያሳውቅ ይምረጡ። ፕሮፋይሉ ፍለጋ ውስጥ እንዲታይ የተቋም ኢሜይል ማረጋገጥ ይጠይቃል። ሁለቱንም መያዝ ነው የሚያዋጣው፤ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ግን ኦርኪድን ይያዝ፤ አሳታሚና ሽልማት ሰጪ በይፋ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ስለ ሽልማቶቹ ጥቂት። ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር አይላ እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረንሳይ ናንሲ ተመሠረተ፤ በየሦስት ዓመቱ ጉባኤ ያካሂዳል፤ የ2024ቱ ኩዋላ ሉምፑር ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች ለሚመጡ ምሁራን ወደ ጉባኤው መምጫ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው የአሜሪካው የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጉባኤ ድጋፍና የዶክትሬት ጽሑፍ ሽልማት አለው። እንግሊዝኛ ማስተማር ላይ ዶክትሬት ለሚሠሩ ደግሞ ቲርፍ የተባለው የምርምር ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። ኦርኪድ ስለያዘ ማንም ሽልማት አያገኝም። የማመልከቻው ሳምንት ሲመጣ ግን ሲቪ ከባዶ መሙላት አይኖርም፤ መዝገቡ ላይ «ልዩ ዕውቅና» የሚል ክፍልም ስላለ ያገኙት ሽልማት፣ የዩኒቨርሲቲ የምስክር ወረቀትም ቢሆን፣ ሰጪው ተቋምና ዓመቱ ተጠቅሶ ይገባል።

ጉድለቶቹን አንደብቅም። ገጹ በአማርኛ አይቀርብም፤ የሥነ ልሳን ተማሪን ባያስቸግርም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ጓደኞቹን ያዘገያል። ሌላው የጽሑፍ ግምገማ ነው፤ ለጆርናል የገመገሙትን ጽሑፍ በእጅዎ ማስገባት አይችሉም፤ አባል የሆነ ተቋም መላክ አለበት። ስለዚህ አባል ላልሆነ የአገር ውስጥ ጆርናል በነጻ የሚገመግም ወጣት መምህር ያ አገልግሎቱ እዚህ አይታይለትም። እንዲህ ያለውን «አገልግሎት» በሚለው ክፍል ውስጥ የጆርናሉን አሳታሚ ተቋም ጠቅሶ ማስገባት የሚቻለው ብቸኛ ነገር ነው። ዲኦአይ የሌለው ሥራ ሁለት ጊዜ ከገባ ደግሞ ሁለት ሆኖ ይቀራል፤ ሲስተሙ የሚያጣምረው ተመሳሳይ መለያ ያላቸውን ብቻ ነው። ከስኮላር ሥራዎቹን በቢብቴክ (የዋቢ ዝርዝር በሚይዝ) ፋይል አውጥቶ ያስገባ ሰው ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይይ።

በመጨረሻም ሁለት ቁጥር የያዙ ሰዎች ጉዳይ። አንዴ በተማሪነት፣ አንዴ በመምህርነት ተመዝግበው ሁለት መዝገብ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። አካውንት ቅንብር ውስጥ የተደገመ መዝገብን ማስወገጃ አለ፤ የሚቀረው መዝገብ ውስጥ ገብቶ የሚወገደውን ቁጥርና የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ኢሜይሎቹ ይሸጋገራሉ፤ አሮጌው ቁጥር የተጫነ ሰውም ወደ አዲሱ ይመራል። በአሮጌው ውስጥ የነበሩት ሥራዎች ግን አይሻገሩም፤ ይጠፋሉ። ስለዚህ ከማስወገድዎ በፊት ሥራዎቹን በቢብቴክ ፋይል አውጥተው በሚቀረው መዝገብ ውስጥ ያስገቡ።